ውሃ የበዛበት ሩዝ

"ትንሽ ዝም በይ፣ ሩዝ እያጠብኩ ነው።"

ኦክቡን የታጠበ ልብስ የሞላ ቅርጫት እንዳቀፈች የወጥ ቤቱ በር ላይ ቀጥ አለች። የጠየቀችው እኮ የልብስ መቆንጠጫው የት እንደገባ ብቻ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በትዳር ኖራ፣ በገዛ ወጥ ቤቷ ዝም በይ ስትባል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያውም እንቁላል መቀቀል ሳያውቅ ስድሳን በተሻገረ ሰው።

ባሏ ጊልናም ሽርጥ አስሮ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ጣቶቹን ሩዙ ውስጥ ነክሮ በቀስታ ያማስላል። ውሃው ሲደፈርስ ይደፋዋል፤ ንጹሕ ይጨምራል፤ እንደገና ያማስላል። ሕፃን የሚያጥብ ነው የሚመስለው። አንዲት ልጃቸው ሴሪን ሕፃን በነበረች ጊዜ ግን አንድ ቀን እንኳ አላጠባትም። ይህ ትዝ ሲላት ኦክቡን ቅርጫቱን ድው አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። እሱ ዞር ብሎም አላየ።

"ሩዝ ስታጥብ ሩዝ እጠብ" ትላለች አሉ ምግብ ሥራ የምታስተምረው መምህርቷ። ጊልናም ይህን ቃል ይዞ ቤት በገባ ዕለት ኦክቡን፣ "ታዲያ ሰዉ እስከ ዛሬ ሌላ ምን ሲያጥብ ኖሯል?" ብላ ስቃበት ነበር። እሱ አልሳቀም። መጠርጠር የነበረባት ያኔ ነው። ባል በሚስቱ ቀልድ መሳቁን ሲተው አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ጥፋቱ የራሷ ነው፤ እሱን አትክድም። ጊልናም ዕድሜውን ሁሉ የጉንሳንን የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ጊዜ፣ የብርዱን ወራት በሙሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተጎልቶ ሲከርም፣ "ውጣ፣ ከሰው ተቀላቀል፣ ሻጋታ ልታወጣብኝ ነው" ብላ የነዘነዘችው እሷ ናት። ከዚያ ሴሪን ከሴኡል ደውላ፣ ኮረብታው ላይ በቤቷ ጊምባፕ የምታስተምር አንዲት ሴት መኖሯን ነገረችው። ጊምባፕ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ሩዙን የባሕር ቅጠሉ ላይ ታነጥፋለህ፣ ካሮቱንና እንቁላሉን ትደረድራለህ፣ ትጠቀልላለህ፣ ትቆርጣለህ፤ አለቀ። እዚያ ቤት ግን ስልክ ይዘጋል፤ ወሬ የለም። ካሮት ስትቆርጥ ስለ ካሮቱ ብቻ ነው የምታስበው። ሲበላም አንዱን ቁራጭ አፍ ውስጥ አድርጎ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ ልሞ እስኪያልቅ ማላመጥ ነው። አእምሮ ያሳርፋል ተባለ። ኦክቡን መጀመሪያ ላይ ደስ ነበር ያላት፤ ቢያንስ ሐሙስ ሐሙስ ቤቱን ይለቅላታል።

ታዲያ አንድ ሐሙስ እራት ላይ ሆነው፣ ጊልናም ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣

"ጊምባፕ ማለት ምን እንደሆነ ገና ዛሬ ቀመስኩ" አለ።

ይህን የተናገረው ለማን ነው? ሃያ ምናምን ዓመት ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ቆማ ጊምባፕ ስትጠቀልል ለኖረች ሴት። ትኩስ ሩዝ መዳፏን እየፈጀው፣ ተማሪው መስኮቱ ላይ እየተንጫጫባት፣ የቀኝ እጇ አንጓ ጅማት ተበላሽቶ በሐኪም ቀዶ ጥገና እስኪደረግለት ድረስ የጠቀለለች ሴት። ሱቁን የዘጋችው ለዚያ ነው እንጂ ደንበኛ አጥታ አይደለም። በየማለዳው ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ደግሞ ለእሱ ሁለት ጥቅል አዘጋጅታ ትሰጠው ነበር። ተቀብሎ ይሄዳል። ጣፈጠ አይል፣ መረረ አይል። እሷም አትጠይቅም፤ ከበላ ምን ቀረ ብላ ነው የኖረችው። አሁን የሌላ ሴት እጅ ቀምሶ "ገና ዛሬ" ይላታል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንጀቷ እያረረ ነው።

ነገር ደግሞ ተጠራርቶ ነው የሚመጣው። ታችኛው ቤት ያለችው ጎረቤቷ ጉክ ደረጃ ላይ አግኝታት፣ ባልሽ ሽቶ ተቀብቶ ኮረብታውን ሲወጣ አየሁት፣ ሙሽራ መስሏል፣ ብላ አሾፈችባት። ኦክቡን ከአንገት በላይ ሳቀችላት። ቤት ገብታ ለሴሪን ደወለችና ጉዳዩን እንደ ቀልድ አነሳችው። "እማዬ ደግሞ፣ አባዬን ማን ይወስደዋል? ቢወስዱትም ይመልሱታል" አለች ሴሪን። ይህ ኦክቡንን አላረካትም። እንዲህ ካሮት መቆራረጥ የለመደ ወንድ ማን እጅ ገብቶ ይመለሳል?

ዛሬ ይባስ ብሎ ሴትዮዋ ራሷ ልትመጣ ነው። ተማሪዎቹ በየተራቸው መምህርቷን ቤታቸው ይጠራሉ፤ በራሳቸው ወጥ ቤት፣ በራሳቸው ቢላዋ ሠርተው አብረው ይቀመጣሉ። ጊልናም ተራው መድረሱን የነገራት በቀደም ዕለት ነው፤ "ምንም አታዘጋጂ፣ ሁሉንም እኔ ነኝ የምሠራው" ሲል አከለበት። ምንም አታዘጋጂ የተባለችው ኦክቡን ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወለች፣ የመስኮቱን መጋረጃ አውርዳ አጠበች፣ ትናንትና ደግሞ ጸጉር ቤት ሄዳ ጸጉሯን አስጠቀለለች። ለሴትዮዋ ብዬ አይደለም ስትል ለራሷ ማለች። ጊልናም ጸጉሯን አላስተዋለም።

አሁን ሩዙን አጥቦ ጨረሰና የኤሌክትሪክ ማብሰያው ውስጥ ገለበጠው። ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ውሃውን ማብሰያው ውስጥ ካለው የመለኪያ መስመር ጋር አስተካከለ። ክዳኑን ገጠመ፤ ሩዙ ትንሽ ውሃ ይጠጣ ዘንድ ተወት ይደረጋል፣ ከዚያ ነው ቁልፉ የሚጫነው። ገላዬን ታጥቤ ልምጣ ብሎ ሄደ።

ኦክቡን ብቻዋን ቀረች። ጠረጴዛው ላይ ያዘጋጃቸውን ነገሮች አየች። ካሮቱ እንደ ክር ቀጥኖ ተቆርጧል፤ እንቁላሉ ሳያር ተጠብሶ በረጃጅሙ ተሰንጥቋል፤ ቆስጣው ተቀቅሎ ተጨምቋል፤ ቢጫው የኮመጠጠ ፍጅል ውሃው እንዲጠፈፍ ጨርቅ ላይ ተደርድሯል። አንድም የሚወጣለት እንከን አጣች፤ ይህ ደግሞ ይብስ አናደዳት። ጎበዝ ተማሪ መሆኑ ነው። እሷ ስታስተምረው፣ ማለትም በበዓል ቀን እስቲ ይህን ሽንኩርት ላጥልኝ ስትለው፣ ዓይኑ እየፈሰሰ የሚሸሸው ሰው።

ያኔ ከመታጠቢያ ቤቱ ዜማ ሰማች። ጊልናም እያንጎራጎረ ነው። ኦክቡን ባሏ ሲያንጎራጉር ሰምታ የማታውቅ አይደለችም፤ የሰማችው ግን ሳይጋቡ በፊት፣ ወደብ ዳር ሲሸኛት ነበር።

እጇ ቀደማት ማለት ይሻላል። የማብሰያውን ክዳን ከፈተች፤ ከቧንቧው በኩባያ ውሃ ቀዳች፤ ጨመረች። አንዱ በቂ ነበር። ሁለተኛውንም ጨመረች። ክዳኑን መልሳ ገጠመች፣ ኩባያውን አደረቀች፣ ቦታው መለሰችው። ፎጣ ማጣጠፍ ጀመረች። ክፋት ብላ አይደለም፤ ለራሷ የነገረችው እንደዚህ ነው፦ ሩዙ ሲላቁጥ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ "የሴሪን እናት፣ ድረሽልኝ" ይላል፣ እሷም ትደርስለታለች። ያቺ ሴትዮ መጥታ የምትበላው የማንን እጅ እንደሆነ ይታያል።

ሽቶው ቀድሞት መጣ። ጊልናም ቁልፉን ተጫነ፤ ሩዙ እስኪበስል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንፋሎቱን እያየ ተቀመጠ። ይህም የትምህርቱ አካል ነው። ማብሰያው ሲጮህ ተነሣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ የእንጨት ማንኪያውን ሰደደና ቀጥ አለ።

ኦክቡን ጀርባዋን ሰጥታው ፎጣ ታጣጥፋለች።

"የሴሪን እናት" አለ።

"አቤት።"

"መስመሩ ላይ እኮ ነው ያደረግኩት። እስቲ ነይ እዪው።"

መጥታ አየች። ሩዝ ሳይሆን ገንፎ ነው። አፏ ግን አላሳፈራትም። ሩዙ የዘንድሮ ምርት ሳይሆን አይቀርም፣ አዲስ ሩዝ ራሱ እርጥበት ስላለው ውሃ ይቀነስለታል አለችው። ይህ ደግሞ እውነት ነው፤ ሩዝ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በእውነት የተለበጠ ውሸት ጥሩ ይይዛል። ጊልናም ከረጢቱን አገላብጦ ቀኑን ፈለገ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ አመናት።

ቀጥሎ "ድረሽልኝ" እስኪላት ጠበቀች። ሌላ አጥቦ ለማብሰልና ለማቀዝቀዝ ሰዓቱ አይበቃም፤ እሷ ግን ዘዴ አላት፤ የላቆጠ ሩዝ በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ማራገቢያ ፊት ሲቀመጥ ቢያንስ እጅ ላይ አይቀልጥም፤ የባሕር ቅጠሉም ድርብ ይሆናል። አንድ ቃል ይበላት ብቻ። ጊልናም ግን ሩዙን ሰፊ ሳህን ላይ ገለበጠ፣ ጨውና የሰሊጥ ዘይት ጣል አደረገበት፣ ረዥም ትንፋሽ ወሰደ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች።

"የወጣውን ይዞ መቀመጥ ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ተበላሸ ብሎ መደበቅ የለም።"

"ለእንግዳ ይህን ልታቀርብ?"

"ሌላ ምን አለኝ?"

እሷ አለችው እኮ፤ እዚያው አጠገቡ ቆማለች። እሱ ግን አላያትም፤ የቀርከሃ መጠቅለያውን ዘረጋ፣ የባሕር ቅጠሉን ሻካራ ፊት ወደ ላይ አድርጎ አነጠፈ፣ ሩዙን በጣቱ ጫፍ ይዘረጋ ጀመር። ጣቱ ላይ ይጣበቃል፤ ያላቅቀዋል፤ እንደገና ይዘረጋዋል። ቅጠሉ ረጥቦ ተሸበሸበ። ሲጠቀልለው ጎኑ ተተረተረ። ሌላ አነሣ። ኦክቡን እጇ እየበላት፣ ጣቶቿን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ አየችው። አለመናደዱ ገረማት። ከንፈሩን ብቻ ነክሷል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ቢላዋውን ዘይት አስነክቶ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ መሐል እየጠረገ፣ ያን የተዘረገፈ ነገር ለንጉሥ እንደሚቀርብ አድርጎ ቆረጠው።

መምህርቷ ደረሰች። ሶክ ዩንህዋ ትባላለች። ኦክቡን በሐሳቧ የሳለቻት ሽቅርቅር ያለች፣ ከንፈሯን የቀባች መበለት ነበረች፤ የመጣችው ግን በዕድሜ ከእሷ የምትበልጥ፣ ጸጉሯን በአጭሩ ተቆርጣ ሽበቱን እንዳለ የተወች፣ መዳፏ የተሰነጣጠቀ አጭር ሴት ናት። የገዳም ወጥ ቤት ውስጥ ለረጅም ዘመን አብስላለች ይባላል። ጫማዋን አውልቃ አሰለፈች፣ ያመጣችውን ፖም በሁለት እጇ አቀረበች፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቤት ስለተቀበላት አመሰገነች። ኦክቡን ተመስገን፣ ቆንጆ አይደለችም አለች በሆዷ። እፎይታው ግን አልቆየም። ጊልናም ስለ ሩዙ ማስረዳት ሲጀምር ሴትዮዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። እየተንተባተበ፣ ከመሐል ወደ መጀመሪያ እየተመለሰ ሲናገር፣ ቃል ሳትነጥቀው፣ ሳታቻኩለው፣ እስኪጨርስ ድረስ ሰማችው። ጨርሶም ጥቂት ቆየችለት፣ የቀረ ነገር ካለ ብላ።

ኦክቡን እንዲህ አድርጋ ባሏን ሰምታው አታውቅም። ጊልናም ነገር ሲጀምር ጫፉን ይዛ ትጨርስለታለች፤ ጊዜ ይቆጥባል። ይህን አሁን ማወቋ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። በመልክ የሚበልጥ ሰው ጸጉር ቤት ሄደው ይደርሱበታል፤ በዚህስ ምን ይደረጋል?

ተቀመጡ። ቁራጩ በቾፕስቲክ ሲያዝ ፈረሰ፤ ካሮቱ ወደቀ። መምህርቷ ከሳህኑ ለቅማ አፏ ውስጥ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጊልናምም ጨፈነ። ኦክቡን ዓይኗን ገልጣ በላች። ጨውና ዘይቱ ልክ ነው፤ ካሮቱ ይጣፍጣል፤ ሩዙ ግን ምላስ ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። በዚህ ቤት፣ በዚህ ጠረጴዛ፣ እንዲህ ያለ ጊምባፕ ቀርቦ አያውቅም። ጉንሳን ውስጥ በእሷ ጊምባፕ ያደጉ ልጆች ዛሬ ልጆች ወልደዋል። ይህች ሴትዮ ከዚህ ወጥታ የኦክቡን ቤት ሩዝ ገንፎ ነው ብትል ማን ይመልስላታል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች። ጉርሻዋን በገብስ ሻይ ገፋችው።

"ሩዙ ውሃ በዝቶበታል" አለች መምህርቷ ዓይኗን ገልጣ። ሳታለባብስ ነው የተናገረችው። "ካሮቱ ላይ ግን አልተቻኮሉም፤ አፍ ውስጥ ይታወቃል።"

"መስመሩን አይቼ ነበር" አለ ጊልናም።

"መስመሩን አይቶ የለካ ሰው በዚህን ያህል አይስትም።" ይህን ብላ ወደ ኦክቡን ዞረች። "እርስዎ ውሃውን በምን ነው የሚለኩት?"

"በእጄ" አለች ኦክቡን። "እጄን ሩዙ ላይ አስተኝቼ።"

"እኔም በእጄ ነው። እጅ ካወቀ አይሳሳትም፤ ካልፈለገ በቀር።"

ኦክቡን ፊቷ ጋለ። ሴትዮዋ አልጨመረችም፤ ቁራጯን አነሣች፣ ሳህኗ ላይ አንድ ፍሬ ሩዝ ሳታስቀር በላች፣ አመሰገነች። አወቀችብኝ፣ አለች ኦክቡን በሆዷ። አወቀችብኝና ማረችኝ። ከመሰደብ ይልቅ በባላንጣ ይቅር መባል ያማል።

ጊልናም መምህርቷን እስከ ታች በር ሸኛት። ኦክቡን ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ቆማ አየቻቸው። እሱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ እሷም ቆማ ጠበቀችው፣ ያንን የለመደችውን አጠባበቅ። በመጨረሻ ክንዱን ነካ አድርጋው ሄደች። ኦክቡን ያቺን ክንዱን የነካች እጅ፣ ሴትዮዋ በመንገዱ ጥግ እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት።

ጊልናም ተመልሶ ሽርጡን ፈታ፤ በአራት አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው።

"ከእንግዲህ አልመጣም አልኳት" አለ።

ኦክቡን ሳህን ይዛ ቆመች። "ምነው?"

"ለእኔ የሚሆን አይደለም። ይህን ያህል ወር ተምሬ ሩዝ መለካት ካቃተኝ ምን ይባላል? እሷ አይዞህ አለች፤ እኔ ግን አፈርኩ።"

እሰይ። ያሰበችው ሁሉ ሆነላት። ኮረብታው ቀረ፣ ሽቶው ቀረ፣ ጉክም የምታሾፍበት አጣች። የቀራት ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም አይነቅዝም። ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ አስቀምጣ ቧንቧውን ከፈተች። ግን አላስቻላትም፤ ነገሩን ከነሥሩ ማየት አማራት።

"ልጠይቅህ፣ ሳትዋሽ ንገረኝ" አለች ቧንቧውን ዘግታ። "ያቺን ሴት ወደሃታል?"

ጊልናም ወዲያው አይደለም ብሎ ቢምል ይሻላት ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀምጦ አሰበበት።

"እዚያ ቤት መቀመጥ እወዳለሁ" አለ። "የሚያቻኩለኝ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስቸኩል ነው የኖርኩት፤ ከኋላ ጥሩምባ፣ ከፊት ሰዓት። እሷን ለብቻዋ እንደ ሴት... አይ። አላሰብኩትም።"

"ታዲያ ጊምባፕ ገና ዛሬ ቀመስኩ ያልከኝስ? እኔ ምን ሳበላህ ኖሬ ነው?"

ጊልናም ቀና ብሎ አያት። ያንን ቃል ይዛ እንደከረመች አሁን ገና ነው የገባው።

"የአንቺን የምበላው መሪ ላይ ሆኜ ነበር" አለ። "ቀይ መብራት ሲይዘኝ እጎርሳለሁ፤ አረንጓዴ ሲሆን እውጣለሁ። እዚያ ቤት አንዷን ቁራጭ ይዘው ቁጭ አድርገው አስላመጡኝ። ያኔ የአንቺን ከዚህ ጋር ላስተያይ ብዬ ባስብ፣ ባስብ፣ አንዱም አልመጣልኝም።"

"አንዱም?"

"አንዱም።"

"ሴሪን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የተፈተነች ቀን የበሬ ሥጋ አድርጌበት ነበር፤ ደስ ይበለው ብዬ።"

"አላወቅኩም።"

"እናቴ የሞተች ሰሞን አንድ ቀን ፍጅሉን ረስቼ ሰጠሁህ። ማታ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ።"

"አላወቅኩም፣ የሴሪን እናት።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ያን ቀን ገና ዛሬ ቀመስኩ ያልኩት ደስ ብሎኝ አይደለም። በዚያ ሁሉ ዓመት የሠራሽው በአፌ በኩል አልፎ ሄዷል። አሁን ደግሞ እጅሽ ታሟል፣ ሥሪልኝ ብዬ የምጠይቅበት ፊት የለኝም። ራሴ ልልመደው፣ ቢያንስ መብላት ልልመድ ብዬ ነው የሄድኩት።"

ኦክቡን ልታለቅስ ፈለገች፤ ልትጮህበትም ፈለገች። ሌላ ባል ቢሆን ይዋሻል፤ የአንቺማ ይጣፍጥ ነበር፣ ትዝ ይለኛል ብሎ ይሸነግላል። ይህ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ የበሬ ሥጋውን አላወቅኩም ይላል። እውነቱን መናገሩ አቃጠላት፤ ደግሞም እንዲህ ያለ እውነት ተናግሮላት አያውቅም። እስኪጨርስ ስላልሰማችው ይሆናል።

ጠረጴዛው ላይ የተረፈ አንድ ጥቅል ነበር፤ ጎኑ ተተርትሮ ሩዙ ወጥቷል። ጊልናም ሊጥለው እጁን ዘረጋ።

ዝም ብትል ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ብቻ ነው። ሐሙስም ቅዳሜም ቴሌቪዥኑ ፊት። ሩዝ መለካት ያቃተው ሽማግሌ መሆኑን አምኖ።

"አንተ አይደለህም" አለች።

"ምኑ?"

"ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ገላህን ስትታጠብ።"

ጊልናም እጁ በአየር ላይ ቀረ። እሷን አየ፣ ማብሰያውን አየ፣ ተመልሶ እሷን አየ።

"ስንት?"

"ሁለት ኩባያ።"

"አዲስ ምርት ነው ያልሽኝስ?"

"እሱም አለበት።"

ኦክቡን ጩኸቱን ጠበቀች፤ ቢጮህ ይቀላት ነበር። ከዚያ የጊልናም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው። ድምፅ ሳያወጣ፣ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ ሳቀ። "እኔ እኮ መስመር ማየት የተሳነኝ መስሎኝ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ልሄድ አስቤ ነበር" አላት። ተመልሶም ፊቱ ጠቆር አለ። "እኔ ላይ ይሁን፤ መምህርቷን ግን ገንፎ እንድትበላ አደረግሻት" አለ። ኦክቡን አውቃለሁ አለች። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣላትም፤ አውቃለሁ የሚለውን ሁለት ጊዜ አለችው።

ጊልናም የታጠፈውን ሽርጥ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

"እንግዲያው ሐሙስ ልሂድ?" አለ። ፈቃድ ጠይቋት አያውቅም፤ ዛሬ ጠየቃት።

አትሂድ የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያቺ ክንዱን የነካች እጅ ትዝ አለቻት፣ ያ ቃል የማይነጥቅ አሰማምም ትዝ አላት። ቅናቱ የትም አልሄደም። ፊቱን አየችው፤ መልሷን እየጠበቀ ነው፤ እሷም የቀረው ቃል ካለ ብላ ሳታቻኩለው ቆየች።

"ሂድ" አለችው። "ግን እዚያ በልተህ ጠግበህ እንዳትመጣ፤ እዚህም የምትበላው አለ።"